ሽፋን ሰብል፦ ጥቅሙም ጉዳቱም በሚገደልበት ቀን ይወሰናል

የማዳበሪያ ዋጋ በ2021 እና በ2022 በመላው ዓለም ሽቅብ ከወጣ ወዲህ ስለ ሽፋን ሰብል የሚወራው በዝቷል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ወገን «ይህን ዝሩ፤ ማዳበሪያ መግዛት ይቀራል፣ አረሙም ይጠፋል፣ ድርቁም አያሰጋም» ይላል። ሌላው ደግሞ በሳተላይት መረጃ የተሠራ ጥናት ይጠቅስና «ምርት ይቀንሳል፣ ይቅርባችሁ» ይላል።

ሁለቱም ያላቸው የእውነቱ ቁራጭ ነው። ግራ የሚያጋባው ሁለቱም ስለ አንድ ተክል የሚያወሩ መምሰላቸው ነው። ሽፋን ሰብል ግን የአንድ ተክል ስም አይደለም፤ የአሠራር ስም ነው። ከአፈር ጋር ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የትኛው ተክል እንደሆነ፣ ምን ያህል ውሃ ባለበት ቦታ እንደተዘራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ እንደተገደለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በክርክሩ ውስጥ ብዙም አይነሳም፤ እኔ ግን ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

ሽፋን ሰብል የሚባለው ለመሰብሰብ ሳይሆን መሬቱን ለመሸፈን የሚዘራ ተክል ነው። ዋናው ሰብል ከተነሳ በኋላ ቀጣዩ እስኪዘራ ድረስ ያለውን ባዶ ጊዜ ይይዛል፤ አንዳንዴም በዋናው ሰብል መስመሮች መካከል አብሮ ይበቅላል። ወደ ጎተራ አይገባም። ጊዜው ሲደርስ እዚያው ማሳው ላይ ይገደላል።

ያው ተክል እንደ ሥራው ስሙ ይለዋወጣል። ገና ለምለም እያለ ታርሶ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል «አረንጓዴ ማዳበሪያ» ይሉታል። ከዋናው ሰብል የተረፈውን ንጥረ ነገር ዝናብ ጠርጎ ከመውሰዱ በፊት እንዲመጥ ሲዘራ «ያዥ ሰብል» ይባላል። ተቆርጦ ወይም ተጨፍልቆ ከላይ ሲነጠፍ ደግሞ ጉዝጓዝ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጥንት ሮማውያን ግብጦ ዘርተው፣ ሳይሰበስቡ መልሰው ያርሱት ነበር። መሬቱ እንደሚጠነክር በዓይናቸው አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን አያውቁም። ጥራጥሬዎች በሥራቸው እባጭ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያገኙ ጀርመናዊው ኸርማን ሄልሪገል ያሳወቀው በ1886 ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1913፣ ናይትሮጅንን ከአየር በፋብሪካ ማምረት ተጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፋብሪካው ማዳበሪያ ሲረክስ ለመሬት ማዳበሪያ ብሎ ተክል የሚዘራው ገበሬ ቁጥር እየመነመነ ሄደ። ማዳበሪያ በተወደደ ቁጥር ወሬው የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባዶ መሬት ላይ ምን ይሆናል?

ብዙ ከማያከራክረው እንጀምር። አንድ ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቶቹን ይበትናቸዋል። የተበተነው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ላዩ ይጠጥራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ መግቢያ ያጣና ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ የአፈር መሸርሸር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጎርፉ ሳይሆን ከጠብታው ነው ማለት ነው።

ቅጠል ሲኖር ጠብታው ኃይሉን ቅጠሉ ላይ ይጨርሳል። ሥሩ ደግሞ ከታች አፈሩን ይይዛል፣ ሲበሰብስም የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል። ከሥሩ የሚወጣው ስኳር መሰል ፈሳሽ ደቂቅ ዘአካላትን ይመግባል፤ እነሱና የአፈር ፈንገሶች በሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ አፈሩም ፍርፍር ያለ ይሆናል።

ሁለተኛው ጠንካራ ማስረጃ ያለው ጥቅም ናይትሬትን መያዝ ነው። ናይትሬት ተክሎች የሚመጡት የናይትሮጅን ዓይነት ሲሆን በውሃ በቀላሉ ይሟሟል። ማሳው ባዶ ከሆነ ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ሰርጎ የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ይበክላል። በርካታ የመስክ ሙከራዎችን አንድ ላይ የገመገመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጥራጥሬ ያልሆኑ ሽፋን ሰብሎች ይህን ብክነት በአማካይ በ70 በመቶ ይቀንሱታል። ጥራጥሬ ያለበት አሠራር ደግሞ በ40 በመቶ። ቀላል ቁጥር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይሰመርበት። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተክሉ ዝናቡ ሲመጣ መሬቱን ሸፍኖ ከጠበቀ ነው። ዘግይቶ ተዘርቶ፣ ጣት ሳያህል ዝናብ የደረሰበት ቡቃያ የዘሩን ዋጋ እንኳ አይመልስም።

ናይትሮጅኑ መቼ ይደርሳል?

ትልቁ ተስፋም ትልቁ ስህተትም ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው።

አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክሎች ግን እንዳለ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ጥራጥሬዎች በሥራቸው እባጭ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎችን ያስጠልላሉ። ተክሉ ስኳር ይሰጣል፣ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይመልሳል። እንደ ቬች ያለ በደንብ ያደገ ጥራጥሬ በአንድ ሄክታር ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ናይትሮጅን በአካሉ ሊይዝ ይችላል። ትክክለኛው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ ከሌለ ግን እባጩ ላይበቅል ወይም በቅሎም ላይሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዘሩን ከመዝራት በፊት በባክቴሪያው ማሸት ያስፈልጋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሥሩን ነቅሎ እባጩን በጥፍር መሰንጠቅ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም።

በተክሉ አካል ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ግን ገና የዋናው ሰብል አይደለም። መጀመሪያ መበስበስ አለበት። እዚህ ላይ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ የሚባል ነገር ይመጣል፤ በአንድ ነገር ውስጥ ለእያንዳንዱ እጅ ናይትሮጅን ስንት እጅ ካርቦን አለ ማለት ነው። የሚያበሰብሱት ደቂቅ ዘአካላት የሚስማማቸው ምግብ 24 ለ 1 ገደማ ነው። ከዚያ በታች የሆነ፣ ማለትም ናይትሮጅን የበዛበት ነገር ሲያገኙ የሚተርፋቸውን ወደ አፈሩ ይለቃሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። ቬች 11 ለ 1 አካባቢ ነው፤ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ቶሎ ይሰጣል። ራይ የተባለው የስንዴ ዘመድ ደግሞ ገና ቅጠል ሳለ 26 ለ 1፣ ሲያብብ 37 ለ 1፣ ገለባ ሲሆን 82 ለ 1 ይደርሳል። ያው ተክል፣ ያው ማሳ፣ የተለያየ ውጤት! ራዩ ለጋ ሳለ ከተገደለ ቀጥሎ የሚዘራው በቆሎ ብዙም አይቸገርም። አብቦና ጠንክሮ ከተገደለ ግን በቆሎው ብቅ ሲል ደቂቅ ዘአካላቱ ናይትሮጅኑን ቀድመው ይዘውታል፣ ቡቃያውም ቢጫ ይሆናል። ናይትሮጅኑ አልጠፋም፤ በኋላ ይለቀቃል። ችግሩ በቆሎው በሚፈልገው ሰዓት አለመኖሩ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ቬቹ በጣም ቀድሞ ከተገደለና ዋናው ሰብል ከዘገየ ናይትሮጅኑ ተለቆ ጠጪ ሳያገኝ በዝናብ ይታጠባል። ብዙ ገበሬዎች ጥራጥሬና የሣር ዘር ቀላቅለው የሚዘሩት ለዚህ ነው፤ አንዱ የሌላውን ፍጥነት ያስተካክላል።

«ማዳበሪያ መግዛት ይቀራል» ለሚለው ወሬ መልሱ እንግዲህ «በከፊል» ነው። በመጀመሪያው ወቅት ለዋናው ሰብል የሚደርሰው ናይትሮጅን ጥራጥሬው ከያዘው ግማሽ ያህሉ ቢሆን ጥሩ ነው። ፎስፈረስና ፖታሲየም ደግሞ ከአየር አይመጡም። ሽፋን ሰብል ከጥልቅ አፈር ወደ ላይ ሊያወጣቸው ይችላል እንጂ አይፈጥራቸውም። መሬቱ ፎስፈረስ ካነሰው ጥራጥሬው ራሱም በቅጡ አያድግ፣ ናይትሮጅንም አይዝ።

ውሃ፦ ይቆጥባል ወይስ ይጨርሳል?

ሁለቱንም ያደርጋል። በሕይወት ሳለ ይጠጣል፤ ከሞተ በኋላ ይቆጥባል።

ሕያው ተክል እርጥበቱን በሥሩ እየሳበ በቅጠሉ ወደ አየር ያወጣል። ዝናብ በበዛበትና መሬቱ ረግረግ በሚልበት ቦታ ይህ ጥቅም ነው፤ መሬቱ ጠፍፎ ለእርሻ ቶሎ ይደርሳል። ደረቅ በሆነ አካባቢ ግን ሽፋን ሰብሉ የጠጣው ውሃ ዋናው ሰብል የሚፈልገው ውሃ ነው። ለምሳሌ በዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛ ክፍል ባሉ ደረቅ ሜዳዎች ስንዴ የሚዘሩ ገበሬዎች መሬቱን ለአንድ ወቅት ጾም ያሳድሩታል፣ ውሃ ያጠራቅም ብለው። በዚያ የጾም ወቅት ሽፋን ሰብል ሲዘራ ተከታዩ ስንዴ ምርቱ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ከተገደለ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የተነጠፈው ጉዝጓዝ ፀሐይን ይከላከላል፣ ትነትን ይቀንሳል፣ ዝናቡም ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል። ስለዚህ የደረቅ አካባቢ ገበሬ «ልዝራ ወይስ ልተው» ብሎ ብቻ መወሰን የለበትም። ሰማዩን እያየ ቀድሞ መግደልም አማራጭ ነው። ያኔ የሚገኘው ጉዝጓዝ ማነሱ አይቀርም። ለውሃው የሚከፈል ዋጋ ነው።

«ምርት ይቀንሳል» የሚለው ጥናት

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሳተላይት ጥናት የተሠራው በአሜሪካ የበቆሎ ክልል ነው፤ ከ90,000 በላይ ማሳዎችን ተመልክቷል። ሽፋን ሰብል ለ3 ዓመትና ከዚያ በላይ በተዘራባቸው ማሳዎች የበቆሎ ምርት በአማካይ 5.5 በመቶ፣ የአኩሪ አተር ደግሞ 3.5 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጉዳቱ የባሰው አፈራቸው ጥሩ በሆነና የመዝሪያ ወቅት ዝናብ ባነሳቸው ማሳዎች ላይ ነው።

ይህን ውጤት ማጣጣል ልክ አይደለም። በሙከራ ጣቢያ በጥንቃቄ ከተያዘ ቁራሽ መሬት የተገኘ አይደለም፤ ገበሬዎች በራሳቸው ማሳ እንደሚሠሩት ሆኖ የተለካ ነው። ነገር ግን ምን እንደሚል እናንብበው። በዚያ ክልል በብዛት የሚዘራው ራይ ነው፤ ከራይ ቀጥሎ በቆሎ ይመጣል። ከላይ ያየነውን የናይትሮጅን ሽሚያና የውሃ ሽሚያ ብናስታውስ ቅናሹ እንቆቅልሽ አይሆንም። አፈሩ ድሮም ጥሩ ከሆነ ደግሞ ሽፋን ሰብሉ የሚያሻሽለው ነገር ትንሽ ነው፣ ወጪው ግን ያው ነው። ተዳፋት የሆነ ወይም የተጎዳ መሬት ያለው ገበሬ ከዚህ አማካይ ቁጥር ተነስቶ ስለ ራሱ ማሳ መደምደም አይችልም። ጥሩ አፈር ያለው ገበሬ ግን ቁጥሩን በቁም ነገር ቢወስደው ይሻለዋል።

አረም፣ ተባይ እና የመግደያ መንገድ

ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ሽፋን ሰብል አረሙን ብርሃን ይነሳዋል። እንደ ራይና ማሽላ ያሉት ደግሞ ከዚህም አልፈው የሌላውን ዘር መብቀል የሚገቱ ኬሚካሎች ያመነጫሉ፤ ይህ አሌሎፓቲ ይባላል። ችግሩ ኬሚካሉ አረምንና ዋና ሰብልን አለመለየቱ ነው፤ ዘራቸው ደቃቅ የሆኑ አትክልቶች አብረው ይጎዳሉ።

በዚህ ረገድ በጣም የሚያስደንቀው ዴስሞዲየም የተባለው ጥራጥሬ ነው። በምዕራብ ኬንያ በበቆሎ መስመሮች መካከል ሲዘራ ከሥሩ የሚወጣው ኬሚካል የአቀንጭራን ዘር አስበቅሎ፣ የሚጣበቅበት ሥር ሳያገኝ እንዲሞት ያደርገዋል። ሽታው የበቆሎ አገዳ ቆርቁር እናት የእሳት እራቶችን ያርቃል። ዙሪያውን የሚተከለው ዝሆኔ ሣር ደግሞ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ገበሬው ከዚህ ላይ ለከብቱ መኖ ያገኛል።

በሌላ በኩል አረንጓዴ ድልድይ የሚባል ችግር አለ። ባዶ ማሳ ላይ ምግብ አጥተው የሚሞቱ ክሽክሽ፣ ተምችና የሥር በሽታ አምጪዎች ሽፋን ሰብሉ ላይ ይቆዩና ወደ ዋናው ሰብል ይሻገራሉ። ራይ በቆሎ ከመዘራቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀደም ብሎ እንዲገደል የሚመከረው ለዚህ ነው። እንደገና የመግደያው ቀን!

በምን ይገደል የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ማረስ ይቻላል፤ ግን የተጠበቀውን አፈር መልሶ ይገልጠዋል። ማጨድ ይቻላል፤ ለጋ ከሆነ ግን ያቆጠቁጣል። ሮለር ክሪምፐር የተባለው ግንዱን የሚሰባብር ከባድ በርሜል መሰል መሣሪያ ያለ ኬሚካል ይሠራል፤ በደንብ የሚገድለው ግን ተክሉ ሲያብብ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የካርቦኑ ምጣኔ ከፍ ብሏል። ሰፋፊ እርሻዎች ላይ በአብዛኛው የሚረጨው ግላይፎሴት የተባለው ጸረ-አረም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ የሚገመት» ሲል መድቦታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚህ አይስማማም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ለ10 ዓመት ፈቃዱን አድሶለታል። አፈርን ለማዳን የተዘራ ተክል በኬሚካል መገደሉ ብዙ ሰው ቢከነክነው አይፈረድበትም።

ካርቦን የመያዝ ተስፋ

አሁን ካርቦን በአፈር ውስጥ ለማስቀመጥ ክፍያ የሚሰጡ ገበያዎች ሽፋን ሰብልን እያራገቡት ነው። ብዙ ሙከራዎችን ያሰባሰበ አንድ ግምገማ ጭማሪውን በዓመት በሄክታር 0.32 ቶን ካርቦን ገደማ አድርጎታል። ጥሩ ነው፤ ግን አዝጋሚ ነው፣ ለዘላለምም አይጨምርም፤ ገበሬው አሠራሩን ሲተው የተጠራቀመው ቀስ በቀስ ይመለሳል። ናይትሮጅን የበዛበት ጥራጥሬ ታርሶ በእርጥብ አፈር ሲበሰብስ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ ሊለቅ ይችላል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ሙቀት በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ይበረታል። በሂሳቡ ውስጥ ካልገባ ሂሳቡ ሙሉ አይደለም።

ወጪው የማን፣ ጥቅሙ የማን?

ዘሩን የሚገዛው፣ የሚዘራው፣ የሚገድለው ገበሬው ነው፤ ወጪውም ዘንድሮ ነው። ጥቅሙ ግን ግማሹ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ ግማሹ ደግሞ ከታች ወንዝ የሚጠጣው ሰው ነው። ዴንማርክ ያዥ ሰብልን በሕግ ያስገደደችው፣ የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ደግሞ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ውሃ ለመጠበቅ ብላ ለገበሬዎች የምትከፍለው ለዚህ ነው። በመላው አሜሪካ በሽፋን ሰብል የተያዘው መሬት በ2017 ከነበረበት 6.2 ሚሊዮን ሄክታር በ2022 ወደ 7.3 ሚሊዮን አድጓል፤ ቢሆንም ከጠቅላላው የሚታረስ መሬት ትንሽ ክፍል ነው።

መሬት ጠባብ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በሰሜን ሆንዱራስ ኮረብታዎች ሙኩና የተባለው ሐረግ ጥራጥሬ ከገበሬ ወደ ገበሬ በራሱ ተስፋፍቶ ነበር። አፈር ይይዛል፣ ለበቆሎ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ አረም ያፍናል። ሆኖም በ1990ዎቹ ብዙዎች ተዉት። ምክንያቱ አፈሩን ስለጎዳ አይደለም። መሬት ጠበበ፣ የከብት ግጦሽ ተስፋፋ፣ ሙኩናው ሊያፍነው ያልቻለ አዲስ አረምም ገባ። የሙኩና ፍሬ ደግሞ ኤል-ዶፓ የተባለ ንጥረ ነገር ስላለበት በሚገባ ሳይዘጋጅ አይበላም። ለአንድ ሙሉ ወቅት መሬት ይዞ ወደ ቤት የሚገባ ነገር የማይሰጥ ተክል መሬቱ ለጠበበው ቤተሰብ ከባድ ነው። ስለዚህ ለአነስተኛ ገበሬ ጥሩ የሚሆነው መኖም የሚሰጠው ወይም ከዋናው ሰብል ጋር ጎን ለጎን የሚበቅለው ነው። እዚህም ልክ አለው፤ ሁሉም ለመኖ ታጭዶ ከወጣ መሬቱን የሚሸፍን ነገር አይተርፍም።

ለመሞከር ያሰበ ሰው ሙሉ ማሳውን ባያስይዝ ጥሩ ነው። አንድ ጠባብ ቁራሽ ይበቃል፤ ከጎኑ ደግሞ ምንም ያልተዘራበት ማነጻጸሪያ ይተው። የተዘራውን ቁራሽ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ዋናው ሰብል ሊዘራ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሌላውን አሥር ቀን ሲቀረው መግደል ይቻላል። ከዚያ ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ነው፦ የቡቃያውን ቀለም፣ ጣት ሲገባ የሚሰማውን እርጥበት፣ የአረሙን ብዛት፣ በመጨረሻም የሚመዘነውን ምርት። አንድ ዓመት ዝናባማ፣ ሌላው ደረቅ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ወቅት መደጋገም አለበት።